ፐሮክሳይድ በፕላስቲክ ቅልቅል ውስጥ፦ መጠን፣ ሙቀትና ፍተሻ በሰሜን ሸዋ ደጋ

ከቆራሌው የሚገዛ ፕላስቲክ አንድ ዓይነት ሆኖ አይመጣም። በአንድ ጆንያ ውስጥ የጀሪካን ስባሪ፣ የወንበር እግር፣ የጠርሙስ ክዳን፣ የሮቶ ቁራጭና እህል የሚሞላበት ማዳበሪያ ተደባልቆ ይገኛል። የሀይላንድ ጠርሙሱ ሌላ ዘር ስለሆነ ለብቻው ይወጣል። የቀረው በአብዛኛው ከሁለት አያልፍም፦ ፖሊኤቲሊን (ጀሪካን፣ ሮቶ፣ ፌስታል) እና ፖሊፕሮፒሊን (ወንበር፣ ማዳበሪያ፣ ብዙው ክዳን)። ሁለቱ አብረው ሲቀልጡ የተዋሃዱ ይመስላሉ እንጂ አይዋሃዱም። ሲበርዱ አንዱ በሌላው ውስጥ ጠብታ ጠብታ ሆኖ ይለያል፤ የተሠራው ዕቃም ሲጎተት ወይም ሲመታ ከጠብታው ጠርዝ ላይ ይሰነጠቃል።

ይህን ለማሻሻል ፐሮክሳይድ የሚባል፣ ሲሞቅ የሚፈርስ ኬሚካል ይጨመራል። ፐሮክሳይድ ግን ሙጫ አይደለም። ያው መጠን፣ በያው ማሽን፣ አንዱን ፕላስቲክ ሲያስር ሌላውን ይቆርጣል። ስለዚህ ሚዛን ላይ ከመቀመጡ በፊት መታወቅ ያለበት በቅልቅሉ ውስጥ የሚበዛው የትኛው እንደሆነ ነው። በዚህ ጽሑፍ የምንሰጣቸው ቁጥሮች ሁሉ የሚሠሩት ይህ ከታወቀ ብቻ ነው።

ውስጡ የሚሆነው

ፐሮክሳይድ ሲሞቅ በሁለቱ ኦክስጅኖች መካከል ያለው ደካማ ማያያዣ ይበጠስና ሁለት ራዲካሎች ይወጣሉ። ራዲካል ያልተጣመረ ኤሌክትሮን የያዘ፣ ከአጠገቡ ካለው ሃይድሮጅን የሚነጥቅ ነገር ነው። ሃይድሮጅኑን የተነጠቀው የፕላስቲክ ሰንሰለት በተራው ራዲካል ይሆናል። ከዚህ በኋላ መንገዱ ለሁለት ይከፈላል።

ሰንሰለቱ ፖሊኤቲሊን ከሆነ፣ ከጎረቤቱ ራዲካል ጋር ይጣበቃል። ሰንሰለቶቹ እየረዘሙ፣ እየተሳሰሩ ይሄዳሉ፤ ቅልጡ ይወፍራል፤ ብዙ ከተገፋ ደግሞ ቢሞቅም የማይፈስ መረብ ይሠራል። ይህ መረብ ጄል ይባላል።

ሰንሰለቱ ፖሊፕሮፒሊን ከሆነ፣ ራዲካሉ የሚቀመጠው የጎን ቅርንጫፍ በተተከለበት ካርቦን ላይ ነው። ከዚያ ቦታ ሰንሰለቱ መጣበቁን ትቶ ለሁለት ይቆረጣል። ቅልጡ ይቀጥናል። ቃጫ የሚያመርቱ ፋብሪካዎች ይህንኑ መቆረጥ ሆን ብለው ይጠቀሙበታል፤ ቀጭን ክር የሚወጣው በቀላሉ ከሚፈስ ፖሊፕሮፒሊን ነው። የፕላስቲክ ወንበር ለሚያመርት ሰው ግን ጉዳት ነው።

በቅልቅል ውስጥ ሁለቱም በአንድ ጊዜ ይካሄዳሉ። በጠብታው ጠርዝ ላይ ደግሞ ጥቂት የፖሊኤቲሊን ሰንሰለቶች ከፖሊፕሮፒሊን ጋር ይያያዛሉ። የምንፈልገው ይህንን ሦስተኛውን ነው፤ ሁለቱን ዘሮች የሚያሰፋቸው እሱ ነውና። ፐሮክሳይድ ብቻውን ሲገባ ግን ይህ ከሁሉም የሚያንሰው ነው። ለዚህ ነው ፖሊፕሮፒሊን በሚበዛበት ቅልቅል ውስጥ ከፐሮክሳይዱ ጋር አጋዥ የሚገባው። አጋዥ ስንል ቲ ኤ አይ ሲ (ትራይአሊል አይሶስያኑሬት) ወይም ቲ ኤም ፒ ቲ ኤም ኤ ማለታችን ነው። አጋዡ የተነጠቀውን ሰንሰለት ከመቆረጡ በፊት ይይዘዋል፤ ቅርንጫፍም ያወጣለታል።

ምን መግዛት፣ ምን አለመግዛት

ገበያ ሄዶ «ፐሮክሳይድ» ብሎ መጠየቅ አደገኛ ነው። በዚህ ስም የሚሸጡ ቢያንስ ሦስት የማይሆኑ ነገሮች አሉ። ሃይድሮጅን ፐሮክሳይድ የፀጉርና የቁስል ፈሳሽ ነው፤ በውሃ የተበጠበጠ ስለሆነ ባሬል (ፕላስቲኩ የሚቀልጥበት የማሽኑ ቱቦ) ውስጥ እንፋሎት ብቻ ይሆናል። ለፋይበር ግላስ ማጠንከሪያ የሚሸጠው ፈሳሽ፣ ኤም ኢ ኬ ፒ፣ በቀዝቃዛ ቦታ እንኳ ከኮባልት ጋር ሲገናኝ የሚነሳ ነው፤ ወደ ሞቀ ሆፐር (የማሽኑ መመገቢያ) ሊቀርብ አይገባም። ቤንዞይል ፐሮክሳይድ ደግሞ 130 ዲግሪ አካባቢ በአንድ ደቂቃ ግማሹ ያልቃል፤ ፖሊፕሮፒሊኑ ሳይቀልጥ ሥራው አበቃ ማለት ነው። ደረቁ ዱቄት በመታሸትና በመመታት ሊፈነዳ ይችላል።

ለዚህ ሥራ የሚሆኑት ሁለት ናቸው።

ዳይኪዩሚል ፐሮክሳይድ፣ በአጭሩ ዲ ሲ ፒ፣ ነጭ ክሪስታል ነው፤ ወደ 40 ዲግሪ ሲጠጋ ይቀልጣል። ፖሊኤቲሊን ለሚበዛበት ቅልቅል ተስማሚው እሱ ነው። ብዙ ጊዜ በካልሲየም ካርቦኔት ላይ ተይዞ 40 ከመቶ ሆኖ ይሸጣል። ለጀማሪ የምንመክረው ይህንን ነው፤ ለመመዘን ይቀላል፣ አደጋውም ያንሳል።

ሌላው ዲ ኤች ቢ ፒ የሚባለው ፈሳሽ ነው። ከዲ ሲ ፒ ጥቂት ከፍ ባለ ሙቀት ይፈርሳል፤ ስለዚህ ፖሊፕሮፒሊን ለሚበዛበት ይሻላል፤ ሽታውም ያንሳል። በደጋ አንድ ችግር አለው፦ 8 ዲግሪ አካባቢ ይረጋል። ከጥቅምት እስከ ጥር የደብረ ብርሃንና የመንዝ ሌሊት ከዚህ በታች ስለሚወርድ፣ ጠዋት ጀሪካኑ ውስጥ ግማሹ ረግቶ ግማሹ ፈሳሽ ሆኖ ይገኛል። በምድጃም፣ በሙቅ አየር መንፊያም አይነካ። 20 ዲግሪ አካባቢ በሆነ ክፍል ውስጥ አሳድሩት፤ ሙሉ በሙሉ ከቀለጠ በኋላ ቀስ ብላችሁ አዋህዱና መዝኑ።

ቅልቅሉን ማወቅ

ውሃ ላይ መንሳፈፍ ፔትን (የሀይላንድ ጠርሙሱን ፕላስቲክ) እና ፒ ቪ ሲን ይለያል፤ ፖሊኤቲሊንና ፖሊፕሮፒሊን ግን ሁለቱም ይንሳፈፋሉ። ሁለቱን ለመለየት ጥግግቱ 0.93 የሆነ ፈሳሽ ያስፈልጋል። በ20 ዲግሪ ይህን የሚሰጠው በይዘት 50 ከመቶ የሆነ አልኮል ነው። ከመድኃኒት ቤት የሚገዛው 70 ከመቶ አልኮል 5 እጅ፣ ውሃ 2 እጅ ሲቀላቀል ወደዚያ ይደርሳል። የጀሪካን ፖሊኤቲሊን (0.94 እና ከዚያ በላይ) ይሰጥማል፤ ፖሊፕሮፒሊን (0.90–0.91) ይንሳፈፋል። ለስላሳው የፌስታል ፖሊኤቲሊንም ከላይ ስለሚቀር በእጅ ይለያል፤ ሲታሸ ይለሰልሳል፣ ሲጎተት ሳይበጠስ ይለጠጣል። የደብረ ብርሃን አረቄ ጠንካራ ቢሆንም ጥንካሬው ከቤት ቤት ስለሚለያይ ለዚህ ሥራ መለኪያ አይሆንም።

አንድ ጥንቃቄ፦ ኖራ መሰል ሙሌት ያለበት ማዳበሪያ ፖሊፕሮፒሊን ሆኖ ሳለ ሊሰጥም ይችላል። ጥርጣሬ ካለ አንድ ቁራጭ በእሳት አቃጥሉና አመዱን ተመልከቱ፤ ነጭ ዱቄት ከቀረ ሙሌት አለበት።

ከእያንዳንዱ ጆንያ 200 ግራም ያህል ፍርካሽ ወስዳችሁ በዚህ መንገድ ለዩ፤ አድርቃችሁ መዝኑ። «ፖሊኤቲሊን 70፣ ፖሊፕሮፒሊን 30» የሚል ቁጥር በእጃችሁ ሳይኖር ፐሮክሳይድ አትክፈቱ።

መጠን

መጠኑ ሁልጊዜ የሚሰላው በንጹሕ ፐሮክሳይድ ነው። 25 ኪሎ ቅልቅል ላይ 0.05 ከመቶ ማለት 12.5 ግራም ንጹሕ ዲ ሲ ፒ ነው፤ የተገዛው 40 ከመቶ ዱቄት ከሆነ 12.5 ለ0.4 ተካፍሎ 31.25 ግራም ይሆናል። ይህን ማካፈል መርሳት በዚህ ሥራ በብዛት ከሚታዩት ስህተቶች አንዱ ነው፤ ሰውየው «ፐሮክሳይዱ አልሠራም» ይላል፣ ያስገባው ግን ከግማሽ በታች ነው።

የመጀመሪያው ሙከራ አምስት ቅልቅል ይሁን፤ እያንዳንዱ 25 ኪሎ፦ 0፣ 0.02፣ 0.05፣ 0.1 እና 0.2 ከመቶ። በ40 ከመቶው ዱቄት ሲመዘን 0፣ 12.5፣ 31.25፣ 62.5 እና 125 ግራም ነው። ዜሮውን አትዝለሉት። ዜሮውም በማሽኑ ውስጥ እንደሌሎቹ እኩል ማለፍ አለበት፤ አለበለዚያ ማሽኑ ያመጣውን ለውጥ ፐሮክሳይዱ ያመጣው ይመስላል።

ፖሊኤቲሊን ከ70 ከመቶ በላይ ከሆነ ብዙውን ጊዜ ጥሩው ቦታ በ0.05 እና በ0.1 መካከል ይገኛል። ፖሊፕሮፒሊን ከሚበዛበት ግን ከ0.05 አትለፉ፤ አጋዥም ከ0.5 እስከ 1.5 ከመቶ አስገቡ። አጋዡ ከፐሮክሳይዱ በፊት ከፕላስቲኩ ጋር ይዋሃድ። እኩል በእኩል የሆነ ቅልቅል ከሁሉም አስቸጋሪው ነው፤ የትኛው ዋና የትኛው ጠብታ እንደሚሆን ከጆንያ ጆንያ ስለሚገለባበጥ ውጤቱ አይረጋም። ሲቻል ወደ አንዱ ወገን አድልታችሁ ቀላቅሉ።

ለኤሌክትሪክ ገመድ ልባስ የሚሠራው የተሳሰረ ፖሊኤቲሊን ከ1 እስከ 2 ከመቶ ዲ ሲ ፒ ይገባበታል። ያ ቁጥር ከመጽሐፍ ላይ ተነሥቶ ወደ ቅልቅል እንዳይገለበጥ። በእንዲህ ያለ መጠን ግራኑል (እንደገና የሚቀልጥ የፕላስቲክ ፍሬ) ሊሠራ ቢሞከር ባሬሉ ውስጥ ይጠጥራል።

31 ግራም ዱቄት 25 ኪሎ ግራኑል ውስጥ እኩል እንዲዳረስ መጀመሪያ ግራኑሉ ላይ ከ25 እስከ 50 ሚሊ ሊትር የፓራፊን ዘይት ጨምራችሁ ለሦስት ደቂቃ አዋህዱ፤ ከዚያ ዱቄቱን በወንፊት እየነፋችሁ በትኑና አምስት ደቂቃ ጨምሩ። ያለ ዘይት ዱቄቱ ሆፐሩ ሥር ይዘቅጣል፤ የመጀመሪያው ምርት ባዶ፣ የመጨረሻው ጄል ይሆናል። መቀላቀያው ቀዝቃዛ፣ የሚሽከረከር በርሜል ይሁን፤ በፍጥነት የሚመታና የሚያሞቅ መቀላቀያ ለዚህ አይሆንም።

ሙቀትና ጊዜ

ፐሮክሳይድ የሚለካው በግማሽ ዕድሜው ነው፤ ማለትም በአንድ ሙቀት ላይ ግማሹ ለማለቅ በሚፈጅበት ጊዜ። ለዲ ሲ ፒ በግምት እንዲህ ነው፦

120 ዲግሪ — 4 ሰዓት
130 ዲግሪ — 1 ሰዓት ከሩብ
160 ዲግሪ — 3 ደቂቃ
170 ዲግሪ — 1 ደቂቃ ከሩብ
180 ዲግሪ — 30 ሰከንድ
190 ዲግሪ — 12 ሰከንድ
200 ዲግሪ — 5 ሰከንድ

ይህን ሰሌዳ ማሽኑ ላይ ለጥፉት። አጠቃቀሙ እንዲህ ነው። ማሽኑ ሲሠራ አንድ ቁንጥጫ ባለቀለም ማስተርባች (የቀለም ፍሬ) ሆፐሩ ላይ ጣሉና ቀለሙ ዳዩ (የማሽኑ መውጫ) ላይ እስኪወጣ ያለውን ጊዜ ያዙ። 90 ሰከንድ ቢሆን፣ ቅልጡ 180 ዲግሪ ከሆነ ሦስት ግማሽ ዕድሜ አለፈ ማለት ነው፤ ከገባው ፐሮክሳይድ ስምንተኛው፣ 12.5 ከመቶው፣ ሳይሠራ ወጣ። ያ ትርፍ ዕቃው ሞልድ ውስጥ ሲቀልጥ እንደገና ይነሣል፤ ዛሬ የተለካው ግራኑልና ነገ የተሠራው ዕቃ አይመሳሰሉም። ቅልጡ 190 ቢሆን ግን ሰባት ግማሽ ዕድሜ ያልፋል፤ የሚቀረው ከ1 ከመቶ ያነሰ ነው። ግባችሁ ሰባት ግማሽ ዕድሜ ይሁን።

የባሬሉ ሰሌዳ ላይ የሚታየው ቁጥር የቅልጡ ሙቀት አይደለም። ስክሩ (ባሬሉ ውስጥ የሚዞረው ብሎን) ሲያሽ ቅልጡ ከተሞላው ቁጥር 10 እስከ 20 ዲግሪ ሊያልፍ ይችላል። በመርፌ ቴርሞሜትር ዳዩ አፍ ላይ ያለውን ቅልጥ ለኩ።

ፖሊኤቲሊን ለሚበዛበት የባሬሉ አካሄድ ከሆፐሩ ጀምሮ 130፣ 150፣ 165፣ 180፣ 190 ቢሆን ጥሩ መነሻ ነው። የመጀመሪያዎቹ ክፍሎች ዝቅ ማለታቸው ቅልጡ በደንብ ከመታሸቱ በፊት ፐሮክሳይዱ እንዳይነሣ ነው። ከመጀመሪያው 180 ካደረጋችሁት ዱቄቱ የነካው ቦታ ላይ ብቻ ጄል ይሠራል፤ ምርቱ ላይ የዓሣ ዓይን የሚመስል ነቁጥ ይወጣል። ፖሊፕሮፒሊን ለሚበዛበት ግን ፕላስቲኩ ራሱ የሚቀልጠው 160–165 ላይ ስለሆነ ዲ ሲ ፒ ለመታሸት በቂ ጊዜ አያገኝም። ዲ ኤች ቢ ፒ የሚመረጠው ለዚህ ነው፤ መጨረሻው ክፍል ከ200 እስከ 210 ይሁን።

አንቲኦክሲዳንት ከፐሮክሳይድ ጋር አብሮ አይገባም። የአንቲኦክሲዳንት ሥራ ራዲካል መብላት ነው፤ ሁለቱ ከተገናኙ ሁለቱም ይባክናሉ። ማሽኑ የጎን መመገቢያ ካለው ከፐሮክሳይዱ ክፍል በኋላ አስገቡት፤ ከሌለው በሁለተኛው ዙር። መጠኑ 0.1 ከመቶ አካባቢ ይበቃል። መርሳቱ ግን ዋጋ ያስከፍላል፤ ያለ አንቲኦክሲዳንት የቀረ ቅልቅል በወራት ውስጥ ፀሐይ ላይ ይደርቃል። በተሰበሰበው ፕላስቲክ ውስጥ የቀድሞው አንቲኦክሲዳንት ቅሪትም አለ፤ 0.02 ላይ ምንም ለውጥ ካልታየ ብዙ ጊዜ ምክንያቱ እሱ ነው። አሲድነት ያላቸው የሸክላ ሙሌቶችም ዲ ሲ ፒን ራዲካል ሳያወጣ ያፈርሱታል።

ከፍታው የሚያሳስተው ሁለት ነገር

ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል 2,840 ሜትር ገደማ ላይ ናት። እዚህ የአየሩ ግፊት 0.71 ባር አካባቢ ነው። የማሽን መመሪያዎች ደግሞ የሚጻፉት ለባሕር ዳርቻ ነው።

አንደኛው የቫኪዩም ጌጅ ነው። ዲ ሲ ፒ ሲፈርስ አሴቶፌኖን የሚባል ጣፋጭ ሽታ ያለው ፈሳሽ፣ ኪዩሚል አልኮልና ሚቴን ይተዋል። እነዚህን ለማውጣት መመሪያው «ጌጁ -0.9 ባር ያንብብ» ይል ይሆናል። በደብረ ብርሃን የትኛውም ፓምፕ -0.71ን ማለፍ አይችልም፤ ከዚያ በላይ የሚወጣ አየር የለምና። መመሪያው የፈለገው 0.1 ባር ፍጹም ግፊት ነው፤ እዚህ ይህ -0.61 ላይ ይገኛል። ጌጁ -0.6 አካባቢ ከደረሰ ፓምፑ ደህና ነው፤ ለጥገና አትፍቱት።

ሁለተኛው የጄል ፍተሻ ነው፤ ይህኛው ይበልጥ ያሳስታል። ወደ እሱ እንመለሳለን።

ጥንካሬውን መፈተሽ

በቅድሚያ የማሽኑን አምፔር ተመልከቱ። ፐሮክሳይዱ ከገባ በኋላ ፖሊኤቲሊን በሚበዛበት አምፔሩና የዳዩ ግፊት ይወጣል፤ ፖሊፕሮፒሊን በሚበዛበት ይወርዳል። ከጠበቃችሁት በተቃራኒ ከሄደ የጆንያው ድርሻ በስህተት ተለይቷል።

ቀጥሎ ኤም ኤፍ አይ፣ ማለትም ቅልጡ በ10 ደቂቃ ስንት ግራም እንደሚፈስ። ፖሊኤቲሊን በ190 ዲግሪና በ2.16 ኪሎ፣ ፖሊፕሮፒሊን በ230 ዲግሪና በ2.16 ኪሎ ይለካል። ቅልቅሉን በ230 ለኩ፤ አምስቱንም በአንድ ሁኔታ። የጀሪካን ፖሊኤቲሊን ጨርሶ ካልፈሰሰ ክብደቱን ወደ 5 ኪሎ ከፍ አድርጉ፤ በሁለት ክብደት የተለኩ ቁጥሮችን ግን አታነጻጽሩ።

የጉተታ ናሙናዎችን ከመፈተሽ በፊት በ23 ዲግሪ ለ40 ሰዓት አሳድሩ። ከቁጥሮቹ ሁሉ ብዙ የሚናገረው እስኪበጠስ የተለጠጠበት ርዝመት ነው። ፐሮክሳይድ የሌለው ቅልቅል የመጎተት ጥንካሬው ደህና ሆኖ ቶሎ ይበጠሳል። ፐሮክሳይዱ ጠርዙን ካሰፋው ጥንካሬው ብዙም ሳይለወጥ ልጠጣው በግልጽ ይጨምራል። መጠኑ ካለፈ ልጠጣው መልሶ ይወርዳል፤ በፖሊኤቲሊን ወገን መረቡ ስላሰረው፣ በፖሊፕሮፒሊን ወገን ሰንሰለቱ ስላጠረ። ልጠጣው ከፍ ብሎ መውረድ የሚጀምርበት ቦታ የመጠናችሁ ወሰን ነው።

የምት ፍተሻ በክፍል ሙቀት ብቻ ማድረግ ለእኛ አገር አይበቃም። ፖሊፕሮፒሊን ወደ ዜሮ ዲግሪ ሲጠጋ ተሰባሪ ይሆናል፤ በፐሮክሳይድ የተቆረጠው ደግሞ የባሰ። ውጭ ያደረ ወንበር ውርጭ በመታው ጠዋት የሚሰነጠቀው በዚህ ነው። ናሙናዎቹን በበረዶ ውሃ ውስጥ አንድ ሰዓት አቆዩና አውጥታችሁ ወዲያው ምቱ። ለመንዝና ለአንኮበር የሚሸጥ ዕቃ ይህን ማለፍ አለበት።

የሙቀት ጠባዩን መፈተሽ

ዲ ኤስ ሲ (ናሙና ሲሞቅና ሲበርድ የሚወስደውንና የሚሰጠውን ሙቀት የሚለካ) ማሽን ካለበት ቤተ ሙከራ ጋር ከተስማማችሁ ከ5 እስከ 10 ሚሊ ግራም ናሙና በደቂቃ 10 ዲግሪ እስከ 200 ይሙቅ፣ ለ3 ደቂቃ ይቆይ፣ በዚያው ፍጥነት ይብረድና እንደገና ይሙቅ። የሚነበበው ሁለተኛው ሙቀት ነው፤ የመጀመሪያው የናሙናውን የማቀዝቀዝ ታሪክ ይዟል። ሁለት ጫፍ ይታያል፦ 130 አካባቢ ፖሊኤቲሊን፣ 160 አካባቢ ፖሊፕሮፒሊን። ጫፎቹ ሁለት ሆነው መቅረታቸው ፐሮክሳይዱ አልሠራም ማለት አይደለም፤ የታሰሩትም ቢሆኑ ለየብቻቸው ነው ክሪስታል የሚሠሩት።

የክሪስታሉን መጠን ለማስላት ሙሉ በሙሉ ክሪስታል የሆነ ፖሊኤቲሊን 293 ጁል በግራም፣ ፖሊፕሮፒሊን 207 ይወስዳል። 70 ከመቶ ፖሊኤቲሊን ባለበት ቅልቅል የፖሊኤቲሊኑ ጫፍ 130 ጁል በግራም ቢሰጥ፣ 130 ለ(293 × 0.7) ተካፍሎ 63 ከመቶ ነው። ፐሮክሳይድ ሲጨምር ይህ ቁጥር ቀስ እያለ ይወርዳል፤ የታሰረ ሰንሰለት በሥርዓት መታጠፍ ይቸግረዋልና። የማቅለጫው ጫፍም ጥቂት ዲግሪ ይወርዳል። አጋዥ የገባበት ፖሊፕሮፒሊን ግን ሲበርድ ከበፊቱ ቀደም ብሎ፣ ከፍ ባለ ሙቀት ይረጋል። ይህ ሞልድ ላይ የመቆያ ጊዜን ስለሚያሳጥር ለአምራቹ ጥቅም ነው።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚጠብቀውና የማይሆነው አለ። በ0.05 ከመቶ ፐሮክሳይድ የተሠራ ዕቃ ከበፊቱ የበለጠ ሙቀት አይችልም። ዕቃው ሙቀት ላይ ቅርጹን የሚይዘው በክሪስታሉ ነው፤ ክሪስታሉ ደግሞ አልጨመረም። ከማቅለጫው በላይ ቅርጽ የሚይዘው መረቡ ትልቅ ሲሆን ብቻ ነው፤ ያ የገመድ ልባስ መጠን ነው።

ጄል ለመለካት 0.3 ግራም ናሙና ቀጭን አድርጋችሁ ፋቁ። 120 ሜሽ (በአንድ ኢንች 120 ቀዳዳ) ከሆነ የማይዝግ ወንፊት ከረጢት ሥሩና ባዶውን መዝኑ፤ ናሙናውን ጨምራችሁ ዝጉና ደግማችሁ መዝኑ። ከላዩ ማቀዝቀዣ በተገጠመለት ብልቃጥ፣ 1 ከመቶ አንቲኦክሲዳንት በገባበት ዛይሊን ውስጥ 12 ሰዓት አፍሉ፤ አውጥታችሁ ክብደቱ መቀነሱን እስኪያቆም አድርቁና መዝኑ። የቀረው ለገባው ተካፍሎ በመቶ ሲባዛ ጄሉ ነው። ሙሌት ካለ ከሁለቱም ይቀነሳል። ዛይሊን በቀላሉ ይቀጣጠላል፤ ጭስ በሚስብ ሳጥን ውስጥ፣ በኤሌክትሪክ ማሞቂያ ብቻ፤ በጋዝ ምድጃ ፈጽሞ።

ያልነው ስህተት ይኸውላችሁ። ዛይሊን በባሕር ወለል 139 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል፤ በደብረ ብርሃን ግን 126 አካባቢ። በዚህ ሙቀት ፖሊፕሮፒሊንና ጠንካራው ፖሊኤቲሊን ቀስ ብለው ስለሚሟሙ ከ12 ሰዓት በኋላም ያልታሰረ ፕላስቲክ ከረጢቱ ውስጥ ቀርቶ ጄል ይመስላል። መከላከያው ዜሮውን ናሙና አብሮ ማፍላት ነው። ዜሮው ላይ ጄል ከተገኘ ፍተሻው አልተሳካም፤ ወይ ሰዓቱን አስረዝሙ፣ ወይም በዴካሊን ተኩት። ዴካሊን በዚህ ከፍታ እንኳ ከ170 ዲግሪ በላይ ይፈላል፤ 6 ሰዓትም ይበቃዋል። ግራኑል ሆኖ እንደገና ሊቀልጥ ለታሰበ ቅልቅል ጄሉ ጥቂት በመቶ ካለፈ መጠኑን ቀንሱ።

አቀማመጥ፣ ጉዞና የመብራት መጥፋት

ዲ ሲ ፒ በደብረ ብርሃን መጋዘን ያለ ችግር ይቀመጣል፤ ቦታው ከ30 ዲግሪ በታች ነውና። የሚበላሸው በመንገድ ነው። ከጅቡቲ በአዋሽ በኩል ሲመጣ፣ ወይም ወደ ሸዋ ሮቢትና አጣዬ ሲወርድ፣ በሸራ የተሸፈነ መኪና ውስጥ በቀላሉ 40 ይደርሳል፤ ይቀልጥና ሲመለስ ድንጋይ ሆኖ ይረጋል። የረጋውን በመዶሻ አትምቱ፣ አትፍጩም፤ ለአስመጪው መልሱ። ዝገት፣ አሲድና የኮባልት ማድረቂያ አይቅረበው። ማንኪያውና መክደኛው ፕላስቲክ ወይም የማይዝግ ብረት ይሁን። የፈሰሰው በሰጋቱራ አይጠረግም፤ እርጥብ አሸዋ ይበተንበትና በፕላስቲክ አካፋ ይሰብሰብ።

መብራት ሲጠፋ ፐሮክሳይድ ያለበት ቅልጥ ባሬሉ ውስጥ ቆሞ መታሰሩን ይቀጥላል። የሆፐሩን በር ወዲያው ዝጉ። ጀነሬተር ካለ መጀመሪያ ስክሩን አዙሩና ንጹሕ ለስላሳ ፖሊኤቲሊን እያስገባችሁ ባሬሉን አጽዱ። ከሌለ፣ መብራቱ ሲመለስ ሁሉም ክፍሎች የተሞላላቸው ሙቀት ላይ ከደረሱ በኋላ ሃያ ደቂቃ ቆዩ፤ ከዚያ በዝቅተኛ ዙር ጀምሩ። አምፔሩ ከወትሮው በላይ ወጥቶ ካልወረደ አስገድዳችሁ አታዙሩት፤ ዳዩን ፍቱና ከፊት በኩል ልቀቁለት። መጀመሪያ የሚወጣው ምርት ለብቻው ይቀመጥ፤ ወደ ሆፐር አይመለስ።

ሽታው በቫኪዩም ቢቀንስም ሙሉ በሙሉ አይወጣም፤ ከተሰበሰበ ፕላስቲክ የተሠራው ደግሞ በፊት ምን እንደተያዘበት አይታወቅም። በዚህ መንገድ የተሠራ ቅልቅል ለውሃ ጀሪካን፣ ለዘይት፣ ለጠላ መጥመቂያም ሆነ ለእህል መያዣ አይዋል። ለአጥር እንጨት ምትክ፣ ለወንበር፣ ለመጥረጊያ እጀታ፣ ለገመድ መቅበሪያ ቱቦና ለፓሌት ይሁን፤ ጆንያው ላይም በትልቁ «ለምግብ አይደለም» ተብሎ ይጻፍበት።